ቅቤ ነጋዴዋና የፈርሂያ ቀንዲል

መካነ ሰላም ገበያ ቅቤ ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ኡሙልኸይርን ነው። ሌላ ነጋዴ ጠፍቶ አይደለም፤ ከእሷ የገዛ ሰው ቤቱ ገብቶ ሲያነጥር ግማሹ ውሃ ሆኖ አያስደነግጠውም። ከገጠር የመጣ ቅቤ ፊቷ ሲቀርብ መጀመሪያ ታሸተዋለች። ቀጥላ ከመቀነቷ የማትለያትን ወስፌ ትመዝና እስከ መሀሉ ወግታ፣ ጫፏን በጣቶቿ ታሽታ ታያለች። «ላዩማ ሁሉም ለጋ ነው፤ ሆዱን ንገሩኝ» ትላለች። በዚህ ጠባይዋ ሃያ ሁለት ዓመት ነግዳለች። ባሏ ከሞተ በኋላም ብቻዋን አራት ሴት ልጆች አሳድጋ ሦስቱን ድራለች። የመጨረሻዋ ፈርሂያ ግን ሪያድ ሰው ቤት ትሠራ ነበር።

ፈርሂያ ስትሄድ ሃያ ዓመቷ ነበር። እዚያ ከምትንከባከባቸው ልጆች አንዷ የስልክ ጨዋታ አስለመደቻት። ነገሩ የጃፓኖች ነው። «ሰባቱ ቀንዲሎች» የሚባል፣ ቴሌቪዥን ላይ ተሰክቶ የሚጫወቱት፣ ጀግኖችን ከታች ጀምሮ እያሳደጉ አገር ላገር የሚዞሩበት ትልቅ ጨዋታ አለ። አንዱን ለመጨረስ ወር ሁለት ወር ይፈጃል፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ እየተባለም ዘጠነኛው ላይ ደርሷል። ማጫወቻው ለሌለው ሰው ደግሞ ከዚሁ ከትልቁ የተቀነጠቡ ትንንሾች በስልክ ይወጣሉ፤ የእርሻ አለ፣ የካርታ አለ፣ የጦርነት አለ። ፈርሂያን የያዛት ከየአገሩ ከተሰባሰቡ አሥራ አንድ ሰዎች ጋር ማኅበር ገብቶ ዘንዶ መግጠሚያው ነበር። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ሰው ቀንዲል አለው። በየቀኑ ገብቶ ዘይት ካልጨመረበት ይደክማል፤ ሰባት ቀን ከተዘነጋ ድርግም ይላል፣ ባለቤቱም ከማኅበሩ ይባረራል።

አንድ ጁምዓ ከሰዓት ፈርሂያ በኢሞ ደወለች።

«እማ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነበር።»

«ምነው? አመመሽ እንዴ?»

«ኧረ አፊያ ነኝ። የቤቱ እመቤት ስልኬን ከእንግዲህ የምትሰጠኝ በጁምዓ ብቻ ነው። እና…» ብላ ስለ ቀንዲሉ አስረዳቻት። እናትየው እስከ መጨረሻው ታግሣ አዳመጠችና ሳቀች።

«እኔን ነው የጃፓን ኩራዝ አብሪ የምትይኝ? ቅቤውን ማን ይሽጠው?»

«እማ፣» አለች ፈርሂያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እዚህ አገር ከሰው ጋር እንደ ሰው የማወራው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው።»

ኡሙልኸይር ሳቋ ጠፋ። «እሺ። አደራ ከሆነ አደራ ነው። በየት በኩል ነው የሚገባው?» አለች።

በማግስቱ ስልክ ጠጋኙ ይርዳው ጨዋታውን ጫነላት። ፈርሂያ የነገረቻቸውን የሚስጥር ቃል አስገብቶም የት የት እንደሚነካ አሳያት። እንግሊዝኛ አታውቅም። የአማርኛ ፊደል በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ቆጥራለች፤ ልጅነቷን በሙሉ ደግሞ ቁርኣን ስትቀራ ነው ያደገችው። ጨዋታውን ግን በፊደል ሳይሆን በቀለም ነው ያጠናችው። ቀዩ ይመታል፣ አረንጓዴው ያክማል፣ ቢጫው ዘይት ነው፣ ሐምራዊውን መንካት ዋጋ ያስከፍላል። ዙህር ሰግዳ ከተመለሰች በኋላ ገበያው ለአፍታ ቀዝቀዝ ሲል፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ታስቀምጥና ትገባለች።

አጠገቧ ጨውና በርበሬ የሚሸጠው ቸኮል የስልሳ ሦስት ዓመት ሰው ነው፤ የሰው ነገር ሳያይ ማለፍ አይሆንለትም።

«እታለም፣» አላት በሦስተኛው ቀን፣ «በዚህ ዕድሜሽ ስልክ ላይ ምን ትጎረጉሪያለሽ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የፈለገውን ይበል፣ ጋሽ ቸኮል። የልጄን ከብት እየጠበቅኩ ነው።»

«ከብት?» ብሎ አንገቱን አሰገገ። ስክሪኑ ላይ ፀጉሩ ብር የመሰለ፣ ወገቡ የቀጠነ፣ ካባው መሬት የሚጠርግ ጎረምሳ ጎራዴ ይዞ ቆሟል። «ይሄ ነው ከብቱ?»

«እሱ ሪዮ ይባላል። የፈርሂያ ፍቅር ነው።»

ሁለቱም ሪዮ ሲዋጋ አዩ። አንድ ትንሽ ቀበሮ ሁለት ጊዜ ስትነክሰው ተዘረረ። ኡሙልኸይር ምላሷን ወደ ጉንጯ አዙራ አሰበችና፣ «ይሄ ሽቅርቅር ለሰርግ እንጂ ለጦር አይሆንም» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሪዮን ከኋላ አስቀመጠችው። ፈርሂያ ንቃ ጥግ የተወቻትን፣ ጀርባዋ ላይ ሣር የበቀለባትን አንዲት ወፍራም ኤሊ ግን ፊት አወጣቻት። ኤሊዋ ማንንም አትመታም፤ እሷ ግን ትደበደባለች፤ ተደብድባም አትሞትም። ያገኘችውን ምግብና ልብስ ሁሉ ለኤሊዋ ሰጠች። ፈርሂያ በየጁምዓው «ሪዮ እንዴት ነው?» ስትላት፣ «አለ፤ ቁጭ ብሎ ይበላል» ትላታለች።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ቸኮል የሚቀመጥበትን ዱካ ወደ እሷ አስጠግቶ «ቀዩን! ኧረ ቀዩን ንኪው!» የሚል ሰው ሆነ።

የማኅበሩ ሰዎች በጽሑፍ ያወራሉ። ኡሙልኸይር መጀመሪያ አካባቢ ያንን የውጭ ፊደል እንደ ጉንዳን ሰልፍ እያየች ታልፈው ነበር። አንድ ቀን ግን ከጉንዳኖቹ መሀል በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ ሰላምታ አየች። አሰላሙ ዐለይኩም ይላል። የቤቷን በር ያንኳኩ ያህል ደነገጠች። ይርዳው ጋ ሄዳ መልሱን በዚያው ፊደል እንዴት እንደምትጽፍ ጠየቀችውና ከግማሽ ሰዓት ልፋት በኋላ ሰደደችው። ሰላም ያለቻት ኑርሐያቲ የምትባል ኢንዶኔዥያዊት ነበረች፤ ትምህርት ቤት በር ላይ የተጠበሰ ሙዝ የምትሸጥ፣ የሦስት ልጆች እናት።

ይርዳው የዚያኑ ዕለት አንድ ጥሩ ነገር አሳያት፤ ጽሑፉን ቢነኩት ስልኩ ወደ አማርኛ ይገለብጠዋል። አማርኛው ግን የስልክ አማርኛ ነው። ኑርሐያቲ «እህቴ፣ ዛሬ ዘንዶውን በአንድ ትከሻ እንታጠበው» ብላ ትጽፋለች፤ ይህን ለመፍታት ኡሙልኸይርና ቸኮል ግማሽ ቀን ይከራከራሉ። አንድ ቀን ደግሞ፣ «ግድግዳችን አንቺ ነሽ» የሚል መጣ።

«ስድብ ነው እንዴ?» አለች ኡሙልኸይር።

ቸኮል አገጩን አከከ። «ቤት ያለ ግድግዳ ይቆማል? አይቆምም። እንግዲያስ ምስጋና ነው።»

ምስጋና ነበር። ኤሊዋ ፊት ቆማ ስትቀጠቀጥ ሌሎቹ ከኋላ ሆነው ዘንዶውን ይጨርሱታል። ከዚያ በኋላ ማኅበርተኛው ሁሉ «ግድግዳ» እያለ ይጠራት ጀመር።

አንድ ነገር ግን አሻፈረኝ አለች። ጨዋታው ላይ ሰው ሲዋጋ ዕንቁ ያገኛል፤ ዕንቁውን ከፍሎ ዕጣ ያወጣል፤ ከሳጥኑ ጀግና ይወጣለታል ወይም እርባና ቢስ ይወጣለታል። ሌሎቹ ባገኙት ዕንቁ የዚያኑ ቀን ዕጣ ያወጡበታል። ኡሙልኸይር ሳጥኑን አየችው። ዝግ ነው። አይሸተትም፣ አይወጋም።

«ሳልወጋ አልገዛም» አለች።

ደግሞም ነገሩ ቁማር እንዳይሆን ሰጋችና መስጊድ ደጃፍ ሸኽ ሙሐሲንን ጠየቀቻቸው። ሸኹ ጢማቸውን እየዳበሱ ሰሟት።

«ገንዘብ ታወጪበታለሽ?»

«አምስት ሳንቲም አላወጣሁም።»

«ሶላትሽን ያስረሳሻል?»

«አላህ ይጠብቀኝ። ሰግጄ ነው የምገባው።»

«እንግዲያስ ዘንዶውን አትማሪው» አሉና እየሳቁ ገቡ።

ሆኖም ዕጣውን አልነካችም። ዕንቁው ጎተራ ውስጥ እንደ ገባ እህል ከወር ወር እየተከመረ ሄደ።

በዚያ ክረምት ኔትወርክ ጠፋ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ሲሆን እንደ ወትሮው ነው ተባለ። በአራተኛው ቀን ኡሙልኸይር ስልኳን ጣራ ላይ ሁሉ ሰቅላ ሞከረች። በአምስተኛው ቀን አቀስታ ከተማ ይሠራል የሚል ወሬ ከሾፌሮች ሰማች። በስድስተኛው ቀን ማለዳ ቅቤዋን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ፣ በባልዲ ጭና ሚኒባስ ተራ ቆመች።

«ለጨዋታ ብለሽ አቀስታ ድረስ?» አለ ቸኮል።

«ለቅቤ ነው።»

«ቅቤውማ እዚህም ይሸጣል።»

«ጋሽ ቸኮል፣ ሱቄን ይዩልኝ» ብላ ገባች።

አቀስታ ስትወርድ ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል፤ ጉሙ ከመናኸሪያው ጣራ በታች ወርዷል። አንዲት ሻይ የምትሸጥ ሴት አጠገብ ባልዲዋን አስቀመጠች፤ ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ ስልኳን ከፈተች። መጀመሪያ ምንም የለም። ቆይቶ አንድ መስመር፣ ቀጥሎ ሁለት መስመር መጣና ስልኩ እጇ ላይ ተንጫጫ። ጨዋታው እስኪከፈት ቢስሚላህ እያለች ጠበቀች። የደከመ፣ ለመጥፋት አንድ ቀን የቀረው ቀንዲል ነበር የጠበቀችው። ቀንዲሉ ግን አፉ ድረስ ዘይት ሞልቶ ቦግ ብሎ ይነድዳል። ሥሩ የኑርሐያቲ ጽሑፍ አለ። ነካችው። «እህት ግድግዳ ጠፋሽ። ከእኔ ዘይት በየቀኑ ቀዳሁልሽ። ቤትሽ ዝናብ ነው?» ይላል።

ኡሙልኸይር ባልዲዋ ክዳን ላይ ቁጭ አለችና እንባዋ መጣ። ሻይ ሻጯ ደንግጣ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ምነው እናቴ? መርዶ ነው እንዴ?»

«ኧረ የምሥራች ነው፣ የኔ ዓለም። ዓይኗን አይቼ የማላውቃት ሴት ከብቴን አግዳልኝ ነው» አለች በጋቢዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች። ሴትዮዋ የትኛው ከብት እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ትኩስ ሻይ ብቻ ቀዳችላት። ቅቤውም ቀትር ሳይሆን አለቀ።

እንዲህ እያለ ዓመት አለፈው። በጥር ወር አንድ ቀን ጨዋታው ሲከፈት ሪዮ ወይም ኤሊዋ ሳይሆን ጥቁር ሰሌዳ ወጣ። ኡሙልኸይር ወደ አማርኛ ገለበጠችውና ለቸኮል አነበበችለት። «ውድ ተጓዥ ሆይ፣ በመጋቢት ማብቂያ አገልግሎታችን ያርፋል። ለሙቀትዎ እናመሰግናለን።»

«ያርፋል ማለት ምን ማለት ነው?»

ቸኮል ኮፍያውን አወለቀ። «አገልግሎት አረፈ ማለትማ ሞተ ማለት ነው፣ እታለም።»

ይርዳው ጋ ሄዱ። ይርዳው እስክሪፕቶ የምታህል መፍቻውን አስቀምጦ አስረዳቸው። ትልቁ ጨዋታ አይነካም፤ እንዲያውም አሥረኛው እየተሠራ ነው ይባላል። እነዚህ የስልኮቹ ግን እንዲህ ናቸው፤ ሁለት ዓመት ሦስት ዓመት ይሠራሉ፣ ሰው ሲቀንስ ይዘጋሉ፣ ከዚያው ቤት ደግሞ ሌላ ይከፈታል። «እንደ ጁስ ቤት በሏቸው፣ እማማ።»

«ባለቤቱ ነኝ ብሎ፣ ሌላ ሰው ዓመት ሙሉ ያደለበውን ከብት በአንድ ወረቀት ያርዳል?» አለች ኡሙልኸይር። ለመጀመሪያ ጊዜ ጃፓኖቹ ላይ ተናደደች። ከሁሉም የከበዳት ግን ለፈርሂያ እንዴት እንደምትነግራት ነበር። ጁምዓ ሲደርስ ቃሉን አሰናድታ ጠበቀች። ፈርሂያ ግን ቀደመቻት።

«እማ! ኮንትራቴ አልቋል፤ አላደስኩም። በመጋቢት አጋማሽ እመጣለሁ።»

ኡሙልኸይር ሰሌዳውንም፣ ጃፓኖቹንም፣ ያሰናዳችውንም ቃል ረሳች። «አልሐምዱሊላህ!» ብላ እልል ስትል የገበያው ሴት ሁሉ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ አብሯት እልል አለ።

ፈርሂያ ፊቷ ሞላ ብሎ፣ አማርኛዋ መሀል የሪያድ ዓረብኛ ጣል ጣል እያለበት መጣች። ለሁለት ቀን ቤቱ በሰው ተጨናነቀ። በሦስተኛው ቀን ከእናቷ ጋር ገበያ ወጣችና ስልኩን ተቀበለቻት። ወዲያው ጮኸች።

«ሪዮ ደረጃው አሥራ ሁለት ነው! እንደተውኩት ነው እኮ!»

«አንድም ቀን ጦሙን አላሳደርኩትም።»

«ኤሊዋ ደረጃ ዘጠና! እማ፣ ይቺን አስቀያሚ?»

«መልክ ጋሻ አይሆንም፣ ልጄ።»

ፈርሂያ የምር አኮረፈች። ቸኮል ለማስታረቅ አፉን ሲከፍት ግን ዓይኗ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን የዕንቁ ቁጥር አየ። ቆጠረችው። ስልኩን አዘንብላ እንደገና ቆጠረችው።

«እማ… ይሄን ሁሉ ከየት አመጣሽው?»

«ያው እየተዋጋሁ ነዋ።»

«ለምን ዕጣ አላወጣሽበትም?»

«ሳጥኑ ዝግ ነው።»

ፈርሂያ ኩርፊያዋን ጣለችና እስኪያስላት ሳቀች። ጨዋታው ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ዕንቁ ወደ ሌላ ቤት አይወሰድ፣ አይወረስ። «ዛሬ ይከፈታል!» አለች። ኡሙልኸይር አመነታች። ገንዘብ እንዳልተከፈለበት ለራሷ ደጋግማ ካስታወሰች በኋላ ጣቷን ዘረጋች።

የመጀመሪያው ሳጥን ሲከፈት ሪዮ ወጣ። ሁለተኛው ሲከፈት ሪዮ በሰርግ ልብስ ወጣ። በአምስተኛው ፈርሂያ ዱካ ላይ ቆመች። በአሥረኛው በርበሬ ሊገዙ የመጡት ሁሉ ከበቧቸው። ከኋላ የቆመ ሰው፣ «ምንድን ነው? ሎተሪ ወጣላቸው?» ሲል፣ ቸኮል እጁን እያወናጨፈ፣ «ኤሊ ነው የምንፈልገው! አትጋፉ!» ይላል። ሰው ሁሉ ስለ ምን እንደሆነ ሳያውቅ «ኤሊ! ኤሊ!» ማለት ጀመረ። ኤሊ አልወጣም። በስተመጨረሻ ግን ስክሪኑ ወርቅ ሆነና ክንፏ ሰባት ነበልባል የሆነ ሴት ወጣች፤ ፈርሂያም እናቷን አንቃ ሳመቻት። ያቺን ሴት ከማኅበሩ አንድም ሰው አግኝቷት አያውቅም ነበር። የዚያኑ ሳምንት ኤሊዋ ፊት፣ ባለ ክንፏ ከኋላ ሆነው አሥራ ሁለቱ ማኅበርተኞች ያልተደፈረውን የመጨረሻ ዘንዶ ጣሉት።

ፈርሂያ ግን እያደር ስልኩን ከእናቷ መጠየቅ ተወች። ጠዋት ከእህቶቿ ጋር ናት፤ ከሰዓት ከድሮ የትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር ወሬዋ አያልቅም። ጨዋታው የሚዘጋበት ቀን ሲደርስ የጓደኛዋ የጠይባ ሰርግ ሆነ።

«እማ፣ አንቺ ግቢበት፤ እኔ ሚዜ ነኝ» ብላ በሂና ያጌጠ እጇን እያራገበች ወጣች።

ኡሙልኸይር ከበሩ ላይ አየቻት። ልጇ መንገድ ላይ ያገኘችውን ሁሉ እየሳመች፣ ከሁሉም ጋር እየተሳሳቀች ትሄዳለች። ደስ አላት። ትንሽም ቅር አላት፤ ለምን ቅር እንዳላት ግን ለቸኮልም አልነገረችውም።

መዝጊያው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። አሥራ ሁለቱም ገብተው ነበር። አንዱ ከማኒላ፣ አንዷ ከብራዚል የስንብት ቃል ጻፉ፤ ስልኩም በራሱ አማርኛ፣ «ደህና ሁኑ ሆዶቼ» እያለ ገለበጠው። ኑርሐያቲ የስልክ ቁጥሯን ላከች፤ ኡሙልኸይርም የራሷን መለሰችላት። ስምንት ሰዓት ሲሆን ኤሊዋ እንደቆመች ስክሪኑ ነጭ ሆነ። ቸኮልና ኡሙልኸይር አፍታ ያህል ነጩን አዩ።

«ለጋ አለ?» አለች አንዲት ገዢ።

«አለ፣ የኔ እመቤት» አለች ኡሙልኸይርና ተነሣች።

ሳምንት ሳይሞላ ኑርሐያቲ በድምፅ መልእክት ላከችላት፤ ከሰላምታው በቀር አንዱም ቃል አልገባትም፣ ግን ሳቋን ወደደችው። ከድምፁ ጋር አንድ ሥዕል ነበረ። ጃፓኖቹ ከዚያው ከትልቁ ጨዋታ ሌላ አዲስ ቅንጣቢ ለስልክ አውጥተዋል። ይሄኛው ዕጣ የለው፣ ሳጥን የለው፤ ሰው በእግሩ በሄደ ቁጥር ጀግናውም አብሮት ይሄዳል፣ ስልኩ እርምጃ ይቆጥራል። በቀን ስድስት ሺህ የረገጠ ይሸለማል።

ይርዳው ጫነላት። ኡሙልኸይር ስልኩን ብብቷ ውስጥ ከተተችና ሐሙስ ለት እንደ ልማዷ ቅቤ ልትገዛ ወደ ቆላው ገበያ በእግሯ ወረደች፤ ማታውን አቀበቱን ወጥታ ገባች። በሳምንቱ ከኑርሐያቲ ጋር በገባችበት አዲስ ማኅበር ውስጥ ማንም የማይደርስባት አንደኛ ሆነች። በሁለተኛው ሳምንት ያስከተለችው ሰው ከእሷ እርምጃ ግማሹን አይሞላም ነበር። የማያውቋት አዳዲስ ማኅበርተኞች ተንጫጩ። ኑርሐያቲ ስትከራከርላት ሰነበተች፤ አንዱ ግን አልዋጥልህ ብሎት በቀጥታ ጻፈላት። ፈርሂያ ነበረች አስተርጉማ ያነበበችላት። «ስልክሽን ከውሻ አንገት ላይ አስረሽ ታስሮጪዋለሽ?» ይላል።

ኡሙልኸይር ጫማዋን ከአቧራ እያራገፈች ነበር። ቀና አለች።

«ውሻ የለኝም በይው» አለች። «አህያ አለችኝ፤ እሷም ብትሆን ከኔ ኋላ ነው የምትመጣው።»